የቆላው ጄኔሬተር

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ግትርም ነኝ። ሁለቱንም አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፣ ኋላ ሰው ከሚነግራችሁ። ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለው ቤቴ ለአባቴ የሚሆን ጄኔሬተር ለመምረጥ ክረምቱም በጋውም አልበቃኝም ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ሱቅ ገብቶ ዕቃ መግዛት ምን ይህን ያህል ያስወራል ይለኛል። ይሳቅ። እኔ ያሸነፍኩ ሰው ስለሆንኩ አብሬው እስቃለሁ።

አባቴን እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነው የምላቸው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጆሮዬ የሰማው ስም ይኸው ስለነበር «አባባ» ማለት አልለመድኩም። የኔታ ከቤተ ልሔም ደብር የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓን፣ አስመስክረው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ያ ሁሉ ዘመን ያዜመ ሳንባ በስተርጅና ከዳቸው። ደብረ ታቦር ሆስፒታል የመረመራቸው ሐኪም ከእንግዲህ ያለ ኦክስጅን ማሽን መኖር እንደማይችሉ ነገረን፤ እናቴም ስለሞተች እኔ ቤት አመጣኋቸው።

ማሽኑ የአልጋ ራስጌ ኮመዲኖ ያህላል። ከግድግዳው ይሰካል፤ የክፍሉን አየር እየሳበ ኦክስጅኑን ለይቶ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫቸው ይልካል። መብራት ሲጠፋ ግን ቀጥ ይልና መጮህ ይጀምራል። መብራት ደግሞ እኛ ዘንድ እንዳሻው የሚመጣና የሚሄድ እንግዳ ነው። መጠባበቂያ ሲሊንደር ነበረን፤ ቶሎ ያልቃል፣ ሲያልቅም ደብረ ታቦር ተወርዶ ነው የሚሞላው።

ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር ነጋዴ ነው። ሲጀመር ጀምሮ «እኔ ዘንድ ይምጡ» ባይ ነበር። ሐኪሙም ዝቅ ያለ አገር እንደሚሻላቸው አልደበቀንም፤ ብቻ ኦክስጅኑ ካልተቋረጠ እዚሁም መኖር ይችላሉ ብሏል። ክርክራችን ሲበቃቸው የኔታ ተናገሩ።

«እዚያ ወርጄ ምን ልሠራ ነው? ተማሪዎቼ በማን ጆሮ ይታረሙ? እኔን ሳንባ አይዶለም የሚገድለኝ። ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።»

ወንድሜ አባቱን መጋፋት አይችልም። እኔን ግን ይችላል። ወደ ውጭ ጠራኝና በረንዳው ላይ ውሉን ነገረኝ። «እስከ ጥር ማርያም ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። ለንግሡ ስመጣ ያ ማሽን መብራት ጠፋ ብሎ የሚቆም ከሆነ፣ እሳቸው ቢያኮርፉም አንቺ ብታለቅሺም ይዣቸው እወርዳለሁ።» እኔም «እሺ» አልኩት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የኔታ ከአገራቸው መውጣት አለመውጣታቸው በአንድ ጄኔሬተር ላይ ተንጠለጠለ።

ወረቀት አውጥቼ ቤቴን ደመርኩት። የኦክስጅን ማሽኑ ጀርባው ላይ አራት መቶ ዋት ይላል። ፍሪጁ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ፍሪጅ ሲነሳ የሚጎትተው ኃይል አንዴ ከተነሳ በኋላ ከሚፈልገው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ለመነሻው አብዝቼ ያዝኩለት። አምፖሎቹን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ስልክ መሙያውን ጨመርኩ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ገና ከጅምሩ ከስሌቱ አስወጣሁት፤ እሱ ብቻውን የቤቱን ሁሉ ድምር ይበልጣል። መብራት ሲጠፋ እንጨት አለ። ሁሉም ተደምሮ ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዋት መጣ። ሁለት ሺህ ዋት ይበቃናል፣ ትርፍም ይኖረዋል አልኩ።

ከባለቤቴ ጋር ወረታ ወረድን። ወረታ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል፤ ሻጩ ደረቱን ከፍቶ በካርቶን ራሱን እያራገበ ተቀበለን። ቀይ፣ አዲስ፣ ሁለት ሺህ የሚል በትልቁ የተጻፈበት ጄኔሬተር አወጣ። ገመዱን አንዴ ሳብ ሲያደርገው ተነሳ። እኔ በቀላሉ የምታለል ሰው ስላልሆንኩ የራሱን የሱቅ ፍሪጅ አሰካሁት፣ ካውያም አስጨመርኩበት። ሁሉንም ተሸክሞ ንቅንቅ አላለም። «ሒሳብ ማለት ይኸው ነው» አልኩት ባለቤቴን። እሱም የሚያውቀኝ ሰው ስለሆነ ገንዘቡን መቁጠር ጀመረ።

ቤት ስናመጣው መንደሩ ተሰብስቦ አራግፎልን መርቆን ሄደ። በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው መብራት ጠፋ። ባለቤቴ ገመዱን ሳበ፤ ተነሳ። ማሽኑን አገናኘነው፤ ሠራ። ልክ ፍሪጁ ሲነሳ ግን የሞተሩ ድምፅ ወደ ታች ወረደ፣ አምፖሉ ቀላ፣ የኔታ ራስጌ ያለው ማሽን ኡኡታውን አቀለጠው። ፍሪጁን ነቅዬ እስክመለስ የኔታ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ያን ቀን የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የጄኔሬተሩ ሐኪም በዛ። ባለቤቴ ቤንዚኑ ተቀይጧል አለ፤ ቀየርነው። መካኒክ መጥቶ ካንዴላውን ለወጠ። ጎረቤቴ ደግሞ ሲራገፍ ያየው ሰው ብዙ ስለነበር የሰው ዓይን ነው ብላ ድርቅ አለች። አንድ ማለዳ በረንዳ ብወጣ ጄኔሬተሩ ከላይ እስከ ታች ረጥቧል፤ ጸበል ረጭታበታለች። ጸበሉ አላዳነውም፤ መቼም አልጎዳውም።

ነገሩን የያዙት የኔታ ናቸው። መብራት በነበረበት ቀን፣ እሳቸው በመብራቱ እየተነፈሱ ሳለ፣ እኛ ጄኔሬተሩን በፍሪጅ ብቻ እንሞክረው ነበር። ከመኝታቸው ሆነው በመስኮቱ ያዳምጣሉ። እጃቸውን አንስተው ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይኸ ነገር አልታመመም።»

«እና ምን ሆኖ ነው፣ የኔታ?»

«ሲጀምር ድምፁ ደህና ነው። ሸክም ሲጨመርበት ይወርዳል። ተማሪ እንዲህ የሚያደርገው ዜማውን ስላላወቀ አይዶለም። ትንፋሽ ሲያጥረው ነው።» አረፍ አሉ፤ እሳቸውም ትንፋሽ አጠራቸው። «ኸየት ነው ያመጣችሁት?»

«ከወረታ።»

«እና ኸቆላ አምጥታችሁ፣ ጋይንት ላይ እንደ ቆላው አዚም ትሉታላችሁ?»

እኛ እኮ የገብስ ዘር ስንገዛ ከቆላ ነው ከደጋ ብለን ሳንጠይቅ አንዲት ቁና አንወስድም። በሬ ስንገዛ የት እንዳደገ እንጠይቃለን። ከቆላ የመጣ እንግዳ አቀበቱን ሲወጣ ደረቱን ይዞ ቢያለከልክ አየሩ ነው ብለን ውኃ እንሰጠዋለን። ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች ቤንዚንን በአየር የሚያቃጥል ሞተር ወረታ ላይ ሞክረን፣ የጉናን ተራራ አሻግረን አምጥተን፣ ሲያለከልክ ቡዳ በላው አልን። ከካርቶኑ የወጣውን መምሪያ ፈልጌ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አነበብኩት፤ ሁለት ሺው የተለካው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ እኛ ያለንበት ሲደርስ ከሩብ በላይ ጠፍቷል። እንዴት እንደተናደድኩ! ድምሬ ልክ ነበር፤ አየሩን የሚያስደምረኝ ግን ማንም አልነበረም።

የኔታ ግን ደስ ብሏቸዋል። «እኔን ነው የመሰለው» እያሉ ይስቃሉ። በሽታቸውን የሚጋራ ብረት በማግኘታቸው የኮሩ ይመስሉ ነበር።

ወንድሜ ወሬውን ሲሰማ ስልክ ደወለና መፍትሔውን በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። በናፍጣ የሚሠራ፣ አሥር ሺህ ዋት፣ በክሬን የሚጫን ጄኔሬተር አይቷል። «ምጣዱንም ይችላል፣ የንግሡን ድግስም ይችላል፣ ሰፈሩንም ብትፈልጊ ያበራል። ትንሽ ነገር ገዝተሽ አየሽው አይደል?»

«ጋሼ፣ ናፍጣውን ማን ያመጣልኛል?»

«ይገኛል እንጂ!»

ይገኛል ይላል! ማደያው ደጃፍ የሚቆመውን ሰልፍ፣ ጀሪካን የያዘ ሰው የሚባለውን እሱ የት አይቶት። ያ ትልቅ ሞተር ለአንዲት ማሽንና ለሦስት አምፖል ሲነሳ የሚጠጣው ያው ብዙ ነው፤ ሥራ ሲያንሰው ደግሞ ጭሱ ይብሳል። መብራት ጠፍቶ ውሎ ሲያድር እሱ ጠጥቶ ይጨርስና ያቆማል፤ እኔም በግቢዬ መሐል ሐውልት ይኖረኛል። «ትልቅ ጄኔሬተር ነዳጅ ካጣ ትልቅ ብረት ነው» አልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ። እኔም ልዘጋበት ነበር፤ ቀደመኝ።

እንደገና ወረቀት አወጣሁ። በዚህኛው ዙር የኔታም ከአልጋቸው ሆነው ገቡበት። ፍሪጁና ማሽኑ አንድ ላይ ሲነሱ ሞተሩን እንደሚያስጨንቁት ነገርኳቸው።

«ለምን አንድ ላይ ይነሳሉ?» አሉ። «ማኅሌት ላይ ቀኝና ግራ አለ። ቀኙ ሲያነሳ ግራው ያርፋል። ግራው የሚቀበለው ቀኙ ካደላደለ በኋላ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢነሳ ጩኸት እንጂ ዜማ አይሆንም። አንቺም ቤትሽን ቀኝና ግራ አድርጊው።»

ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ መስመሩን ለሁለት አስከፈልኩት፤ መብራቱ ሲጠፋ ቤቱን ከዋናው መስመር ነቅሎ ወደ ጄኔሬተሩ የሚያዞር ማብሪያም አስገጠምኩ። በአንደኛው መስመር ማሽኑና አምፖሎቹ፤ በሁለተኛው ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ። በማብሪያዎቹ ሥር «ቀኝ» እና «ግራ» ብዬ ጻፍኩ። ፍሪጁ ኋላም እንዳሻው እየጠፋ ስለሚነሳ ለእሱ መነሻ የሚሆን ትርፍ ተውኩ፤ ከዚያ ላይ አየራችን የሚወስደውን ጨመርኩ። ድምሩ ሦስት ሺህ ተኩል ላይ አረፈ። ከወረታው ይበልጣል፣ ከወንድሜ ብረት ያንሳል፣ ቤንዚኑንም በልክ ይጠጣል።

ቁጥር ብቻ ግን ከእንግዲህ አያታልለኝም። ደብረ ታቦር ያገኘሁትን ሻጭ «የምወስደው ጉና ላይ ከሠራ ነው» አልኩት። ሳቀ። አልሳቅኩም። ለካ ጉናን አልፎ ክምር ድንጋይ ከተማ የሚያደርሰው ዕቃ ነበረው፤ «እንግዲያው እሄዳለሁ፣ እንሞክረው» አለና በራሱ መኪና ጫነው። ባለቤቴ ሁለት ካውያ ይዤ ሲያየኝ አንዱን ተቀበለኝ። አንድ ካውያ አንድ ሺህ ዋት ይበላል፤ ሁለቱ ቤቴ በጨነቀው ሰዓት ከሚፈልገው ይበልጣሉ።

መንገዱ ጉናን ታክኮ ከሁሉ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ መኪናውን አስቆምኩ። ከቤቴ የሚከብድ ቦታ ነው፤ እዚህ ያልወደቀ ንፋስ መውጫ ላይ አይወድቅም። ነፋሱ ቀሚሴን ከእግሬ ጋር ይጠቀልለዋል። ጄኔሬተሩ ተነሳ። አንዱን ካውያ ሰካሁ። ይህን ስናደርግ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ደረሱና ቆሙ።

«ምነው ልጆቼ፣ ኸዚህ ብርድ ላይ ልብስ ልትተኩሱ ነው?»

«አዎ አባቴ። ኩታዎትን ይስጡኝ።»

እየቀለድኩ ነበር፤ ሽማግሌው ግን የምር አድርገው ገፈው ሰጡኝ። መቼም አልመልሰው። የመኪናውን ጭነት መክደኛ ሸራ ዘርግቼ የሽማግሌውን ኩታ ጉና ላይ መተኮስ ጀመርኩ። በሌላው እጄ ለየኔታ ደውዬ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁ።

«ይሰማል፣ የኔታ?»

«ይሰማል። ሁለተኛውን ጨምሪበት።»

ሁለተኛውን ካውያ ባለቤቴ ሰካ። ሞተሩ ለቅጽበት ጎርበጥ አለና ተስተካከለ። በስልኩ የማሽናቸው ትር ትር ብቻ ይሰማኛል። የሻጩ ዓይን እኔ ላይ፣ የኔ ዓይን ስልኩ ላይ።

«አልወረደም» አሉ የኔታ። «ይግባ።»

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ እልል አልኩ። አህያዋ በረገገች። ሽማግሌው የሞቀውን ኩታ ተከናንበው «ጉና ላይ ስንቱን አይቻለሁ፣ ይኸን ግን አላየሁም» እያሉ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህችን ይተርካታል፤ በየጊዜውም ካውያው ይበዛል።

ጎረቤቴ ሌባ እንዳይወስደው ማድ ቤት አግቡት አለችን። ሳንባ ለማዳን የመጣን ነገር ቤት ውስጥ አስጭሰን ሳንባ ልንጨርስበት? በግቢው ጥግ፣ ከመስኮቱ ርቆ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ገደሉ በሚወስድበት በኩል ትንሽ የቆርቆሮ መጠለያ ሠራንለት፤ በሰንሰለትም አሰርነው።

የጥር ማርያም ዋዜማ ዕለት ወንድሜ ከቀትር በኋላ በፒካፑ ደረሰ። ልቀበለው ስወጣ ከኋላ ወንበሩ ላይ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ትራስና ብርድ ልብስ ተደርቦበት አየሁ።

«ፍራሹ ምንድን ነው?» አልኩት፣ እያወቅኩ።

«መንገዱ እንዳያንገላታቸው ነው» አለ። ዓይኔን አላየኝም። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም እንደኔ የሚፈራው አባቱን ማጣት ነበር።

ቤቱ በተማሪ ተሞልቷል። ተማሪ ስል ጢም ያወጡ፣ በየደብሩ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው፤ ወደ ዋዜማው ከመግባታቸው በፊት የየኔታ ጆሮ እንዲያርማቸው በየዓመቱ ይመጣሉ። በአልጋቸው ቀኝና ግራ ቆመዋል። የኔታ ትራስ ተደግፈው፣ ቱቦው አፍንጫቸው ላይ ሆኖ፣ በቀጭን ድምፅ ያነሱላቸዋል፤ እነሱ ይቀበላሉ። ወንድሜ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

የኔታ አንዱን ቃል አንስተው መሐል ላይ ሳሉ መብራቱ ጠፋ። ማሽኑ ጮኸ።

ወንድሜ «ይኸው!» ብሎ ዘለለ። ባለቤቴ እየሮጠ ወጣ። እኔ ማብሪያዎቹ ፊት ቆምኩና ቤቱን ወደ ጄኔሬተሩ አዞርኩት። ገመዱ ሲሳብ ሰማሁ፤ አልተነሳም። እንደገና ተሳበ፤ አልተነሳም። ማርያምን ምን ምን እንዳልኳት አሁን አልናገርም። በስተመጨረሻ ተነሳ። ትንሽ እስኪደላደል ጠበቅኩና «ቀኝ»ን ተጫንኩ። ጩኸቱ ተቋረጠ፤ ማሽኑ መተንፈስ ጀመረ።

ግራው ቀረ። ልተወው ብዬ ነበር፤ ፍሪጁ ቢቀር ማን ይሞታል? ግን ወንድሜ እያየኝ ነው፤ ከዚያም በላይ እኔ ራሴ ማወቅ ፈለግኩ። ተጫንኩት። ፍሪጁ ከማድ ቤት በኩል ጉርር ብሎ ተነሳ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳይነጋገር ጆሮውን ወደ ግቢው ጥግ፣ ወደ ሞተሩ፣ ጣለ። ያ ቤት እኮ ዕድሜውን በሙሉ ድምፅ ሲወርድና ሲወጣ በመለየት ያሳለፈ ሰው የሞላበት ቤት ነው። ሞተሩ እንደያዘው ቀጠለ።

በዚህ ሁሉ መሐል ዜማው አልተቋረጠም። የኔታ ትንፋሽ ሲያጡ ግራው ተቀብሎ ይዞት ነበር። አሁን እጃቸውን አንስተው መለሱትና ቀጣዩን ቃል ራሳቸው አነሱ፤ ከቅድሙ ከፍ አድርገው። በሩ ጀርባ ተሸጉጬ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት፤ ማንም ቢያይ ግድ አልነበረኝም።

ተማሪዎቹ ወደ ዋዜማው ሲወጡ ወንድሜ ወደ እኔ መጣ። ማብሪያዎቹ ሥር የጻፍኩትን እያነበበ «ምጣዱን ግን አይችልም» አለ።

«ምጣዱ ድጓ አያስተምርም» አልኩት።

ሳቁ አመለጠው፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። መብራቱ ንግሡ ተሸኝቶ ሰው እስኪበተን አልመጣም። ቤንዚኑ ተርፎ ነበር።

በንግሡ ማግስት ሊሄድ ሲል ያን ቀይ ጄኔሬተር ከጣሪያው ጠፈፍ ሥር አየው። «ይህ እኔ ዘንድ ለሱቁ ይሆናል፤ እዚያ እንኳ ይሠራል» አለ። እሺ አልነው። ከኋላ ወንበሩ ፍራሹን አነሳና የመኪናው ጭነት መጫኛ ላይ ዘረጋው፤ እሱና ባለቤቴ ጄኔሬተሩን መሐሉ ላይ አስቀምጠው፣ መንገዱ እንዳያንገላታው በብርድ ልብሱ ጠቅልለው በገመድ አሰሩት።

የኔታ ረጅሙን ቱቦ አስከትለው፣ ክንዴን ይዘው እስከ በረንዳው ወጥተው ነበር። ልጃቸው ጉልበታቸውን ሲስም መረቁት። ከዚያ ወደ ጭነቱ ዞሩና ፍራሹ ላይ የተኛውን አዩ።

«በደህና ግባ» አሉት። «እዚያ አየር አለልህ።»

መኪናው ግቢውን ለቆ ወጣ። የኔታ ቱቧቸውን ሰብስበው ወደ ውስጥ ተመለሱ። አንድ ተማሪ አልጋው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

«ኸየት ነበር ያቆምነው?» አሉት።